ጣቱ የኔ ነው

ሃፊዛ ነገሩን የሰማችው የሁለቱን ወንዶች እጅ ስታስታጥብ ነው። ባሏ ሸረፋ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ በማለዳ ከወረዳ የመጣ፣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ እንግዳ ነበር፤ ስሙን አልነገሯትም። እንግዳው ጣቶቹን ከውሃው ስር እያሻሸ፣ እሷ እዚያ እንደሌለች ሁሉ፣ "የዚያ መምህር ነገር አበቃለት" አለ። "የገጠር ሴቶች በፊርማ ፋንታ የጣት አሻራ ነው ያደረጉለት። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ አሻራ ያደረገ ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ 'የኔ ነው' ካላለ አልቆጥርም ብሏል። ምዝገባው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ዛሬ አርብ ነው፣ ገበያ ነው። ማን ቅቤውን ጥሎ ይሄድለታል?" ብሎ ሣቀ። ሸረፋ አልሣቀም። ዓይኑን ከሳፋው ላይ ሳያነሳ እጁን አራገፈና ፎጣውን ተቀበላት። እንግዳው ያላወቀው፣ ሸረፋም ያልነገረው፣ መምህር የሚባለው ሰው የሃፊዛ ታናሽ ወንድም ሰማን መሆኑን ነው።

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ቆመች። ቤቷ ቡታጅራ ውስጥ ከደህና ቤቶች የሚቆጠር ነው፤ ሁለት ክፍል ከነጓዳው፣ ግድግዳው በሰማያዊ ኖራ የተቀባ፣ ሳሎኑ ውስጥ የመካ ሥዕል የተሰቀለበት፣ ከቡፌው መስታወት በስተጀርባ ሰርጓ ላይ የተሰጧት ሳህኖች የተደረደሩበት። ሰማን በየአርቡ ከመስጊድ መልስ እዚህ ነበር ምሳውን የሚበላው። የሃፊዛና የሸረፋ አንዲት ልጅ ናጃህ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ሸረፋ ደግሞ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ኳስ ይጨቃጨቀዋል። ሰማን ለአንዲት ትንሽ ፓርቲ እጩ ሊሆን ነው ከተባለ ወዲህ ግን ምሳው ቀረ። የተጣላ የለም፣ ክፉ ቃል የተናገረም የለም። በዒድ ቀን መጥቶ በላ፣ ሁለቱ ወንዶች በአንድ ትሪ ላይ አጎንብሰው ስለ ውርጭ አወሩ፣ ከዚያ ሰማን ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሃፊዛ ያን ቀን ከሁለቱ ዝምታ ይልቅ ድብድብ ቢሆን ይሻል ነበር ብላ አስባለች።

ፓርቲዋ በመምህራንና በነጋዴዎች የተቋቋመች፣ በመላው አካባቢ ከሁለትና ከሦስት ሰው በላይ ለማቅረብ አቅም የሌላት ናት። የእጩዋ ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዲወጣ ከምርጫ ክልሉ ነዋሪዎች የድጋፍ ፊርማ ማምጣት አለባት። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው ይባላል። ትልቁ ድርጅት ግን በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ወረቀቱን በየወንበሩ አዙሮ ይሞላል። ሸረፋ ራሱ ባለፈው ወር እንዲህ ሲያደርግ ውሏል። ሰማን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ በእግሩ በየመንደሩ ዞሮ፣ በየደጃፉ ተቀምጦ፣ ሰው ለሰው ሲለምን ነው የከረመው።

ወንዶቹ ቁርሳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ሃፊዛ ነጠላዋን ደርባ በጓሮ በር ወጣች። ሰማን የሚኖረው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በሰው ግቢ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጫማው እንኳን ከአቧራው አልተራገፈም፤ መጻሕፍቱን የደረደረበት ሣጥን ላይ ያልተነካ ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ ነበር።

"ማን ነገረሽ?" አላት ገና ፊቷን ሲያይ።

"ሰው ሳስታጥብ ሰማሁ። የምርጫው ኃላፊ በትክክል ምንድን ነው ያለህ?"

ሰማን ነገራት። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ከወልቂጤ የመጡ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ትናንት ማታ ሊዘጉ ሲሉ ጠርተው፣ አሻራ የማንም ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱ ቀርቦ ማረጋገጥ እንዳለበት ነገሩት። ይህን ለምን ቀድመው እንዳልነገሩት ሲጠይቃቸው፣ መመሪያው ለእሳቸውም የደረሳቸው ትናንት መሆኑን አሳዩት። በእጃቸው የፈረሙት ሰዎች ብቻ ሲቆጠሩ ስልሳ ያህል ይጎድላል። አሻራ ያደረጉት ከመቶ በላይ ናቸው፣ አብዛኞቹም የእንሴኖና የመስቃን ገጠር ሴቶች።

"ዛሬ ሁሉም ገበያ ናቸው፤ ሄደህ ጥራቸው እንጂ" አለችው።

"እኔ ብጠራቸው አስገድዶ አመጣቸው ይባላል። እሱስ ይሁን፣ እታቴ። ጣታቸውን ስለሰጡኝ ብቻ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ማዳበሪያ ትከለከላላችሁ እያሉ ሲያስፈራሯቸው ከረሙ። አሁን ደግሞ ገበያችሁን ጥላችሁ ኑ ልበላቸው? በምን አፌ? አይመጡም፤ ባይመጡም እውነታቸውን ነው።"

"ጠይቀሃቸዋል?"

"አልጠየቅኩም።"

"ታዲያ ለምን አንተ ትመልስላቸዋለህ?"

ሃፊዛ የስሞቹን ግልባጭ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ዝግ ብላ ነው የምታነበው፣ ቢሆንም ታነባለች። ወረቀቱን አጣጥፋ በጉያዋ ያዘችና፣ "ዳቦውን ብላ" ብላው ወጣች።

ገበያው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሞልቷል። የጋሪ ፈረሶች በአስፋልቱ ዳር ተደርድረው ይተነፍሳሉ፤ በበርበሬ ተራ በኩል የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያስነጥሳል፣ የማረቆ በርበሬ ገና ከማሳ የገባበት ወቅት ነው። ሃፊዛ ቦታዋ ቅቤ ተራ ነው። ላለፉት አስር ዓመታት ከገጠር ሴቶች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እየገዛች ለከተማው ስትቸረችር ኖራለች፤ ማን ከየትኛው መንደር እንደምትመጣ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ባል እንደታመመ ታውቃለች። ዛሬ ግን ቅቤ አልገዛችም። ከአንዷ ጉልት ወደ አንዷ እየሄደች ቁጢጥ ብላ ሰላምታ ታቀርባለች፣ ስለ ልጅ ስለ ከብት ትጠይቃለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ታስረዳለች።

መጀመሪያ ያነጋገረቻት ሴት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ሃፊዛ፣ ወላሂ ወንድምሽን እወደዋለሁ፤ ልጄን አስተምሮልኛል። ግን ማዳበሪያው ቢቀርብኝ ማን ያበላኛል?" አለች። ሃፊዛ አልተከራከረቻትም፣ "እውነትሽን ነው" ብላት ተነሳች። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንዲሁ አሉ። አንዷ ጭራሽ ፊቷን አዞረችባት፤ ሃፊዛ የሊቀመንበር ሚስት ናት፣ ምናልባት ለመሰለል የተላከች ይሆናል ብላ ጠርጥራ። ያ ነገር ከሁሉ ይልቅ አመማት። ለአስር ዓመት ቅቤ የተቀባበለቻት ሴት ናት።

አራተኛዋ እማማ ሰፍያ ነበሩ፤ ከእንሴኖ ወዲያ ካለ መንደር በእግራቸው የሚመጡ፣ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ አሮጊት። ሃፊዛ ተናግራ እስክትጨርስ ቅቤያቸውን በእጃቸው እያለሳለሱ ሰሟት።

"ሄጄ ምንድን ነው የምለው?" አሉ።

"ምንም። ሰማንን እመርጣለሁ ይበሉ አላልኩዎትም። እኔም እንደዚያ አልልም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጣት የእርስዎ ከሆነ የኔ ነው ማለት ነው። ካልሆነ አይደለም ማለት ነው። ሌላ የለም።"

"ጣቱማ የኔ ነው" አሉ እማማ ሰፍያ፣ ሰው ያለ አግባብ የጠረጠራቸው ይመስል ቆጣ ብለው። "በጨለማ አይደለም ያደረግኩት። በደጄ፣ በቀን፣ ጎረቤቴ እያየ ነው። ደግሞ ይካዳል?" ከዚያ ወደ ጎናቸው ዞሩና እምቢ ካሉት ሦስቱ አንዷን በጉራጊኛ የሆነ ነገር ተናገሯት። ሴትዮዋ አቀርቅራ ሣቀች። ትንሽ ቆይታም፣ "ቅቤዬን ግን ማን ይጠብቅልኛል? ፀሐዩ ያቀልጠዋል" አለች።

ሃፊዛ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ያኔ ገባት። ፍርሃቱ አለ፤ ግን ከፍርሃቱም በላይ ገበያ ነው። ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ጨውና ሳሙና ይዘው መመለስ አለባቸው። ግማሽ ቀን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ዕቃን ለሌባና ለፀሐይ መተው የማይታሰብ ነው። ቆማ ዙሪያዋን ስትቃኝ ዓይኗ ከብርቄ ሱቅ ላይ አረፈ።

ብርቄ የወሎ ሰው ናት። መምህር ባሏን ተከትላ መጥታ፣ ባሏ ሲሞት እዚሁ የቀረች፣ በገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የምትሸጥ ቁመተ ረጅም ሴት። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ በሰልፍ ቀን ባንዲራ ይዛ ከፊት የምትሄደው እሷ ናት። ሃፊዛ ወደ እሷ የሄደችው ተስፋ አድርጋ አልነበረም፤ የሱቁ በረንዳ ሰፊና ጥላ ያለው በመሆኑ ብቻ ነው።

ብርቄ ሰምታት ስታበቃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እኔ ወንድምሽን አልመርጠውም፤ ይህን እወቂው" አለች። "እኔ የምመርጠው መንግሥትን ነው። እዚህ ከተማ መብራት ያስገባልኝ፣ ልጄን ኮሌጅ ያስገባልኝ እሱ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ግን በማን ላይ ነው የምመርጠው? ብቻውን የሚሮጥ ሰው አንደኛ ወጣሁ ቢል ማን ያጨበጭብለታል?" ከሱቋ ሸራ አወጣችና በበረንዳው ላይ ዘረጋችው። "በያቸው እዚህ ያምጡ። ቅቤውን ጥላ ውስጥ፣ በርበሬውን ወዲያ። ስንት እንደሚሉ ይንገሩኝ፣ ገዢ ከመጣ እሸጥላቸዋለሁ። አንድ ሳንቲም አላጎድልም።"

በረንዳው ለምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሞላ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ አንዲት ፍየል ሳትቀር። ብርቄ በመሃሉ ቆማ በአንድ አፍ ስለ ቅቤ፣ በሌላ አፍ ስለ ላምባ ትከራከራለች። ሃፊዛ ከቅቤ ተራ ወደ ቆጮ ተራ፣ ከቆጮ ተራ ወደ በርበሬ ተራ እየዞረች ስም ትጠራለች። አበባ የምትባል በርበሬ ሻጭ፣ ልጅ ያዘለች ወጣት፣ ሳትጨርስላት ተነስታ ሌሎች አራት ሴቶች ጠራችላት። የማይመጡም ነበሩ፤ ሃፊዛ አንዷንም ሁለት ጊዜ አልለመነችም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እየተጠራሩ ወደ ሃምሳ ደርሰው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ በሆሳዕና መንገድ ዳር በኪራይ የተያዘ ተራ ቤት ነው፤ የቆርቆሮ አጥር፣ ጠባብ የብረት በር፣ ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር። አቶ ወልደአማኑኤል ጠረጴዛቸውን ወደ በረንዳው አስወጡና ወፍራም መነጽራቸውን አደረጉ። ሴቶቹን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ደስታም ሆነ ቅሬታ አልታየም። ሰማን ከግቢው ጥግ ብቻውን ቆሟል። እጩ ስለሆነ መገኘት ይችላል፣ ግን ማንንም ማነጋገር የለበትም ብለውታል፤ እሱም ዓይኑን እንኳን ከመሬት አላነሳም።

"ስምዎ? መታወቂያ?" ይላሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "ይህ አሻራ የማን ነው?"

"ጣቱ የኔ ነው።"

"ወደው ነው ያደረጉት?"

"ወድጄ ነው።"

"ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"መምህሩ እንዲወዳደር።"

እያንዳንዷን እንዲህ ጠየቁ፣ አንድም ጥያቄ ሳይዘሉ። አንዲት ሴት፣ "የእርዳታ ዘይት የሚመዘገብ መስሎኝ ነው" አለች። አቶ ወልደአማኑኤል አመስግነዋት ስሟን ሰረዙ። ሌላዋ አሻራው የባሏ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ተናገረች፤ እሷም ተሰረዘች። ሃፊዛ አጠገባቸው ቆማ ሁለቱም ሲሰረዙ አየች። ሆኖም ሽማግሌውን አልተቀየመቻቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ "የኔ ነው" የሚለው ቃል ክብደት እንዳለው ተሰማት። ብዙዎቹ ሴቶች በሕይወታቸው ቢሮ ገብተው ስለ ራሳቸው ቃል ተጠይቀው አያውቁም። ሲደርሳቸው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ይናገራሉ።

አስር ሰዓት ላይ ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ መጣ። ሸረፋ ከኋላው ነበር። ሰውዬው ሰልፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሸረፋን በሩ ላይ እንዲቆም በእጁ አመለከተውና ወደ ውስጥ ገባ። ሸረፋ በጠባቡ በር መሃል ቆመ። ማንንም አልከለከለም፣ ቃልም አልተናገረም፤ ግን ሊቀመንበር በር ላይ ከቆመ መቆሙ ይበቃል። ከገበያ ገና እየደረሱ የነበሩት ሴቶች አስፋልቱ ዳር ላይ ተከማችተው ቀሩ።

ሰውዬው ከሰልፉ መሃል እማማ ሰፍያን መረጠ። ምናልባት በዕድሜ ስለገፉ በቀላሉ ይደነግጣሉ ብሎ ይሆናል።

"እማማ፣ ማን ነው ያመጣዎት?"

"እግሬ።"

ሴቶቹ በሻሻቸው ውስጥ ሣቁ። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አደረገ። "ምን ሰጧችሁ ማለቴ ነው! እንዲህ በፀሐይ የምትሰለፉት ምን ተሰጥቷችሁ ነው?"

"ለኔ የሰጠኝ የለም፤ የሰጠሁስ እኔ ነኝ" አሉ እማማ ሰፍያ። ድምፃቸው አልጮኸም። "ልጄ ሀቢቡ አሁን ዛላንበሳ ግንባር ምሽግ ውስጥ ነው። የሄደ ቀን እናንተው የወረዳ ሰዎች መኪናው ላይ አሳፍራችሁ፣ አጨብጭባችሁ ሸኛችሁት። እኔንም 'ጀግና እናት' አላችሁኝ። ያን ቀን ማን አመጣሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልጄን ስሰጥ ያመናችሁኝን ሴት፣ ጣቴን ስሰጥ ለምን ትጠራጠሩኛላችሁ?"

አቶ ወልደአማኑኤል ብዕራቸውን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ሰውዬው ወደ እሳቸው ዞሮ፣ "ይህ ስብሰባ ነው፣ ምዝገባ አይደለም። ይዝጉት" አላቸው።

"ምዝገባው የሚዘጋው አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

"ይህ ሁሉ ሰው እስከዚያ አያልቅም!"

"መመሪያው እንዲህ ይላል፤ በመዝጊያው ሰዓት ግቢ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይስተናገዳል። እስከ ምሽት ብቆይም አስተናግዳለሁ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ግን አላስተናግድም።" ከዚያ ወደ እማማ ሰፍያ ዞሩ። "እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።"

አቶ ወልደአማኑኤልን ትናንት ማታ ሰማን ረግሟቸው ይሆናል። ያው ግትርነታቸው ነው ዛሬ ደግሞ ግድግዳ ሆኖ የቆመላቸው። ሃፊዛ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥማት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ ለአንዱ የማይጠብቅ፣ ለሌላው የማይላላ። ግን "ከአጥሩ ውጭ" የሚለውን ቃላቸውን ስታስብ ደስታዋ ወዲያው ደፈረሰ። ከአጥሩ ውጭ አስፋልቱ ዳር ሃያ ያህል ሴቶች ቆመዋል። ፀሐይዋ ወደ ዘቢዳር ተራራ አዘንብላለች። በሩ ላይ ደግሞ ባሏ ቆሟል።

ሰውዬው ይህን እሱም አስልቶታል። ወደ ሸረፋ ተጠግቶ ሃፊዛ በምትሰማበት ድምፅ፣ "ያቺ ሴትዮ ናት አስተባባሪያቸው። ማን ናት?" አለው፤ ጠዋት እጁን ያስታጠበችው እሷ መሆኗን አላስተዋለም።

ሸረፋ "ባለቤቴ ናት" አለ። "መምህሩም ወንድሟ ነው።"

ሰውዬው አፍጥጦ አየው። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሚስትህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ!"

ሸረፋ ከበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ሃፊዛ ሲመጣ አየችው። የአበባን ልጅ ታቅፋ ነበር፤ አበባ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። በአስራ አምስት ዓመት ትዳራቸው እጁን አንስቶባት አያውቅም። ዛሬ ግን በሰው ፊት፣ በአለቃው ፊት ነው፣ ምን እንደሚያደርግ አላወቀችም። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሸረፋ አጠገቧ ደርሶ ቆመና፣ እንደ ጠዋቱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በዝግታ ተናገረ።

"ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ የናጃህ እናት። ውጭ ያሉትን አስገቢያቸው።"

መጀመሪያ የተሳሳተች መስሏት ፊቱን አየች። ግንባሩ በላብ ርሷል። ወደ በሩ ቀና ብላ ስታይ በሩ ባዶ ነው፤ ሰፊ ሆኖ ታያት። ሸረፋ ወደዚያ አልተመለሰም፣ በግቢው ጥግ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ተቀምጦም ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ሃፊዛ ሕፃኑን እንደታቀፈች ወጣችና በእጇ ጠራቻቸው። ሴቶቹ አንዷ ሌላዋን እየገፋች፣ ነጠላ ለነጠላ እየተያያዙ ገቡ። የመጨረሻዋ እንደገባች የግቢው ጥበቃ የብረቱን በር ዘጋ። ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ከውስጥ ነበር የቀረው፤ ለመውጣት አስከፈተና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

አቶ ወልደአማኑኤል የመጨረሻዋን ሴት ሲያስተናግዱ የመንገዱ መብራት በርቶ ነበር። ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ሰማንን ጠሩትና፣ "ሞልቷል። ጥቂትም ተርፏል" አሉት። ማኅተሙ ላይ ተንፍሰው መቱ፣ ደረሰኙን ሰጡት፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰማን ሊያመሰግናቸው አፉን ሲከፍት፣ "ሥራዬ ነው፣ መምህር። ባይሞላም ኖሮ ሥራዬ ነበር" አሉና ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሰማን ወደ ሴቶቹ ዞረ። አብሯቸውም ወደ ገበያው ሄደ። ሄዶ የብርቄ በረንዳ ላይ የቀረውን ጆንያ ሁሉ እየተሸከመ፣ ጋሪ እየጠራ ጫነላቸው። ብርቄ የሸጠችላቸውን የእያንዳንዷን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥራ፣ በስም በስሟ ጠርታ አስረከበች። የሰማን ጀርባ በበርበሬ ቀልቶ፣ እያስነጠሰ ሲሮጥ ስታየውም፣ "ቢያንስ ጉልበት አለው" አለች።

ሸረፋ ሰኞ ወረዳ ተጠራ፤ ወሩ ሳያልቅም ሊቀመንበርነቱ ለሌላ ተሰጠ። ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ ጣውላ ንግዱ ተመለሰ። ሰማን በግንቦቱ ምርጫ አላሸነፈም፤ ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ ነበር፣ የመረጡትም ከፈረሙለት በብዙ እጥፍ በለጡ።

ያን ዕለት ማታ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ባልና ሚስት ገበያው በተበተነበት ሜዳ በኩል ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። ሃፊዛ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ እርምጃዋም ዘግይቷል። ሸረፋ ይህን አይቶ እርምጃውን ቀነሰላት። ቅቤ ተራን አልፈው ሄዱ።

"እንግዲህ ትመርጪዋለሽ" አለ በመጨረሻ። የጠየቃትም፣ የነገራትም አይመስልም ነበር።

"ማንን?"

"ወንድምሽን ነዋ!"

ሃፊዛ ቆም አለች። ይህን ቀኑን ሙሉ አላሰበችውም ነበር፤ አሁን ስታስበው መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘችው።

"እንጃ" አለች። "ምን እንደሚሠራልን ገና አልነገረኝም። መጀመሪያ ይናገርና ልስማው።"

ሸረፋ ከት ብሎ ሣቀ። ሣቁ በባዶው ገበያ ላይ አስተጋባ፤ ጉልታቸውን የሚጠርጉ ሴቶች ቀና ብለው ሊቀመንበሩን አዩት። እሷም ሣቀች፣ ክንዱንም ያዘችው፣ በመንገድ ላይ፣ ሰው እያየ።